አራት ከሩብ

ገረመውን በሩቁ የሚያውቁት ሰዎች «ያ ቁማርተኛ» ይሉታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቁማርተኛ ዕድሉን ይጠብቃል፤ ገረመው ግን ይቆጥር ነበር። አልተሳሳተም አልልም። የእሱ ስሕተት ግን በላጲስ የሚጠፋ፣ በእርሳስ የሚታረም ነበር። የኔው ነው የማይታረመው። ስለዚህ የእሱን ታሪክ ስጽፍ የራሴንም ሳልሸፋፍን እጽፋለሁ።

ስሜ ዘርይሁን ይባላል። በፈረንጆቹ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሆነን አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሆቴል ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። ኑረዲን ታክሲ ይነዳል። ገረመው ደግሞ ሬክስዴል፣ ሃልድሬን የሚባል የቺፕ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነው። ቺፕ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ የምትገባ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ገረመው እስክትገባን ድረስ ለሁላችንም በጥፍሩ እያሳየ አስረዳን።

አገር ቤት ናዝሬት የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሸሚዙ ዘወትር የተተኮሰ። በር ላይ የተሰጠው ሥራ የሚገባና የሚወጣውን መኪና ታርጋ መመዝገብ ነው። ሌላው ዘበኛ መዝግቦ ይረሳዋል፤ ገረመው ግን መዝግቦ ይደምር ነበር። አንዲት ሰማያዊ ደብተር ነበረችው። በሳምንት ስንት የጭነት መኪና እንደወጣ፣ በየሺፍቱ ስንት የሠራተኛ መኪና እንደቆመ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ሰፍሯል። እኔና ኑረዲን እንስቅበት ነበር።

«መኪና በመቁጠር ሀብታም የሚኮን ቢሆን እኮ እኔ ቀኑን ሙሉ ስቆጥር ነው የምውለው» ይለዋል ኑረዲን።

«አንተ የምትቆጥረው መንገድ የዘጋብህን ነው» ይመልስለታል ገረመው።

ቀስ እያለ ነገሩ ገባን። ፋብሪካው አክሲዮን ይሸጣል፤ በየሦስት ወሩም ምን ያህል እንዳተረፈ ያወጣል። ገረመው ለኩባንያው ቢሮ ደብዳቤ ጽፎ ሪፖርቱን ጠየቀ። ባለ ቀለም ሥዕል መጽሔት በፖስታ ላኩለት! ለዘበኛ! ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት ቁጭ ብሎ ከደብተሩ ያሰላል፤ በአንድ አክሲዮን ስንት ሳንቲም ትርፍ እንደሚወጣ ይገምታል፤ ሲወጣ ያስተያያል። ሁለት ጊዜ ገምቶ ሁለቴም ለጥቂት ነው የሳተው። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ፣ ቶሮንቶ ከመጣን ወዲህ አይቼበት አላውቅም ነበር።

አንድ እህት ነበረችው፣ አጸደ የምትባል። ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። በእግሯ ሱዳን ገብታ፣ ካርቱም ሰው ቤት እየሠራች ትኖር ነበር። ኢስት ዮርክ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር ልትሆናት ተስማማች። ወረቀቱ ግን ሁለት ዓመት ይፈጃል ተባለ። ገረመው ለቲኬቷና ለመጀመሪያ ወራት ኑሮዋ ብሎ እቁቡን ቀድሞ ወስዶ ነበር፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር።

«ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ከሚተኛ፣ ሁለት ዓመት ይሥራ» አለ።

በሰማንያ አምስት ጥር ወር ውስጥ ባንክና ገንዘብ ነጋዴ የሞላበት ቤይ ጎዳና ሄዶ አክሲዮን የሚያገበያይ ብሮከር አገኘ። ብሮከሩ የዘበኛ ሸሚዙን አይቶ መጀመሪያ የተሳሳተ በር ያንኳኳ መስሎት ነበር አሉ። አንዱን በአሥራ አንድ ዶላር፣ ሁለት መቶ አክሲዮን ገዛ። እኔም ከሰው ላለማነስ ሦስት መቶ ሠላሳ ዶላር ሰጠሁትና ሠላሳ አክሲዮን በእሱ ስም ገዛልኝ። ኑረዲን ግን፣ «ያልገባኝ ነገር ውስጥ ገንዘቤን አላስገባም» ብሎ አሻፈረኝ አለ።

የዚያን የበረዶ ክረምት ከፋብሪካው የሚወጣው ጭነት በየሳምንቱ ይጨምር ነበር። ገረመው አሰላና ለሚያዝያው ሪፖርት አርባ ሳንቲም ትርፍ ገመተ። የወጣው ግን የዘጠኝ ሳንቲም ኪሳራ ነው። ለሦስት ቀን ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ መልሶ ደመረ። በአራተኛው ቀን ስሕተቱን አገኘው። መኪናውን ቆጥሯል፤ የጫነውን ዋጋ ግን አልቆጠረም። ዓለም ላይ ቺፕ ተትረፍርፎ ዋጋዋ ወድቋል። ገበያው በርበሬ በጫነ መኪና ቢጥለቀለቅ፣ በርበሬው ከረከሰ ነጋዴው ምን ያተርፋል? እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ዮንግ ጎዳና ላይ ያለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ፣ ከሙያ መጽሔት ላይ የቺፕን ዋጋ በደብተሩ ይገለብጥ ጀመር። አልሸጠም። ፋብሪካው ዕዳ የለበትም፣ ገንዘብ አለው፣ ሌሎቹ ሲዘጉ እሱ ይተርፋል ይል ነበር። አክሲዮኑ ግን ስምንት ሆነ፤ ስድስት ሆነ፤ ጥቅምት ሲደርስ አራት ከሩብ ሆነ።

የአጸደ ደብዳቤ የደረሰው በዚያው ጥቅምት ነው። ሆዷን ያማት ከጀመረ ቆይቷል። ሐኪም አይቷት፣ እጢ ነው፣ ቶሎ መውጣት አለበት ብሏታል። የመንግሥት ሆስፒታል ተራው ሩቅ ነው፤ የግል ክሊኒክ ደግሞ ስምንት መቶ ዶላር ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ከጻፈች በኋላ፣ «ብዙም የሚያሳስብ አይደለም፤ ሲመችህ ነው ወንድምዓለም» ብላ ዘጋችው። የኛ ሰው እየሞተ እንኳ ይሉኝታ አይለቀውም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኑረዲን ሥራ ወጥቷል። ገረመው ደብዳቤውንና ሰማያዊ ደብተሩን ይዞ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ትናንት ሲዘጋ አራት ከሩብ ነበር» አለኝ። «የኔን ሁለት መቶ ብሸጠው ስምንት መቶ ሃምሳ ይሆናል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን ትላለህ? ሰኞ ብሮከሩን ኮል አድርጌ ሴል ላድርገው?»

«ብንበደርስ?»

«ከማን? የእቁቡ ክፍያ ግማሽ ደሞዜን እየወሰደው ነው። ለኑረዲን ደግሞ እንዳትነግረው። መሳቂያ ያደርገኛል።»

ያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበረብኝ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ሽጥ፣ ዛሬውኑ ላክላት ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ሠላሳ አክሲዮኔን ነው። ከሦስት መቶ ሠላሳ ዶላሬ የቀረችኝ መቶ ሃያ ምናምን ነበረች። ገረመው ከሸጠ ቆጠራው አበቃ፤ እሱ ተስፋ ከቆረጠ የኔ ገንዘብ ሞተ ማለት ነው። ይህን ለራሴ እንኳ በግልጽ አላልኩትም፤ ውስጤ ግን ያወቀው ያንን ነው።

«ደብተርህ ምን ይላል?» አልኩት።

«ዋጋው ወለሉን የነካ ይመስለኛል። የጥሩ ሪፖርት ትንሽ ይሻላል፤ ከዚያ ወዲያ ይነሳል።»

«እንግዲያው ምን ያስቸኩልሃል? ራሷ ሲመችህ ብላለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው። አሁን የምትችለውን ላክላትና ሦስት ወር ታገስ። ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው እያልክ ስታስተምር አልነበር?»

ሰው በኪሳራ መሸጥ ይከብደዋል፤ አለመሸጡን ትዕግሥት ነው ብሎ የሚያሞግስለት ሲያገኝ ደግሞ ይቀለዋል። ገረመው ደብተሩን ዘጋ። ከደሞዙ መቶ ዶላር ላከላትና ትንሽ እንድትታገስ ጻፈላት። ለገና ሰሞን መልሷ መጣ። «እታገሣለሁ ወንድምዓለም፤ አንተም ብርዱን ተጠንቀቅ» ይላል። አፌን በቆረጠው።

በየካቲት አጋማሽ የገረመው ጨጓራ ደምቶ ሆስፒታል ገባ። ሻይና ደረቅ ዳቦ እየበላ፣ ኦቨርታይም ሲሠራ ከርሞ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ እሁድ ቀትር ላይ፣ የቤታችን ስልክ ጮኸ። ከካርቱም ነው። ሰብስቤ እባላለሁ፣ የአጸደ ጎረቤት ነኝ አለኝ።

«ገረመው አለ?»

«የለም።»

«እንኳን አልኖረ» አለና አለቀሰ።

እጢው ውስጧ ፈንድቶ፣ በሁለት ቀን አለቀች። ቀብረዋታል።

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ዘንድ ሄድኩ። በዚያው ሕንጻ ሁለት ፎቅ ወረድ ብለው የሚኖሩ፣ ለሁላችንም እንደ እናት የሆኑ ሴት ናቸው። ሰርግም መርዶም ያለ እሳቸው አይሆንም። ኑረዲንም መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጥቅምት ላይ ምን እንዳልኩት ብቻ ዋጥኩት።

«ስምንት መቶ?» አለ ኑረዲን። «እኔ አራት መቶ ነበረኝ እኮ! ምን ሆናችሁ ነው ያልነገራችሁኝ?»

የታክሲውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

«አሁኑኑ ሄደን እንንገረው» አለ። «በኛ ሞት አይደበቅም። ሰው ወዲያው አልቅሶ፣ ዱዓ አድርጎ ይወጣለታል።»

«ምን ነካህ ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ። «ደም ላይ ደም ልትጨምርበት ነው? ይዳን መጀመሪያ። ሲድን በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ ይረዳል። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው።»

«እርስዎ እንዳሉ» አልኩ እኔ፣ በፍጥነት። ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፤ ያን መቅለል ዛሬም እጠላዋለሁ።

ገረመው በሳምንቱ ወጣ። መርዶው ግን አልተነገረም። ወጉ ሰው ብቻውን እንዳይረዳ ነው፤ ዘመድ ወዳጅ በማለዳ ከቦ፣ ይዞ ነው የሚነግረው። እዚህ አገር ደግሞ ሁላችንም የሺፍት ባሪያዎች ነን። አንዱ እሁድ ሲያርፍ ሌላው ይሠራል። አንድ እሁድ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ታመሙ። ሌላ እሁድ ሦስት ሰው ብቻ ተገኘ፤ በሦስት ሰው መርዶ ነውር ነው ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ቀረበ፤ በደስታ ይፈስክ ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ማንም አፉን የሚከፍት ጠፋ። በዘገየ ቁጥር ለምን ዘገየ ለሚለው መልስ መስጠት ይከብዳል። እኔ ደግሞ ሰበብ ሲጠፋ ሰበብ ፈልጌ የማመጣ ሆንኩ። ኑረዲን ተቆጥቶ ከእኔ ጋር ማዕድ መቅረብ አቆመ።

ገረመው በየወሩ ሃምሳ ዶላርና ደብዳቤ አሽጎ፣ «ለሚሄድ ሰው ስጥልኝ» እያለ ይሰጠኝ ነበር። መንገደኛ የሚያገናኘው እኔ ነበርኩ። ፖስታዎቹን ከአልጋዬ ሥር፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

«ደብዳቤ አልመጣም?» ይለኛል ከሥራ ሲገባ።

«የካርቱም ፖስታ እኮ ተበላሽቷል።»

«አዎ፣ ሰምቻለሁ» ይላል። ከየት እንደሰማው እንጃ። ሰው ሊያምን ሲፈልግ ምስክር አያጣም።

አክሲዮኑ ግን ተነሳ። በግንቦት ሰባት፣ በሐምሌ ዘጠኝ ተኩል ገባ። ገረመው ሥጋ ለበሰ፤ ማታ ማታ እያፏጨ ሸሚዙን ይተኩሳል። የሌሊቱ ሺፍት መኪና ማቆሚያ እንደገና ሞልቷል፤ የቺፕ ዋጋም ከፍ ብሏል። ዘግይቶ ነሐሴ ላይ ለወጣው የሐምሌ ሪፖርት አሥራ አንድ ሳንቲም ትርፍ ገመተ። አሥራ ሁለት ወጣ። ቤይ ጎዳና ያሉት ሙሉ ልብስ ለባሾች ስድስት ነበር የገመቱት። አክሲዮኑ አሥራ ሦስት ዶላር ገባ።

ዓርብ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን በርግዶ ገባ። እጁ ላይ ትልቅ ከረጢት አለ።

«አላልኩም?» አለ። «አላልኩም ዘርይሁን? እንኳን አንተን ሰማሁ! በአራት ከሩብ ሸጬው ቢሆንስ?»

ከከረጢቱ ውስጥ የሴት ካፖርት አወጣ። ቀይ፣ ወፍራም፣ ባለ ቆብ። የበጋ ቅናሽ ላይ አግኝቶት ነው።

«ሰኞ እሸጣለሁ። ቲኬቷን እቆርጣለሁ። በኅዳር ብትመጣ ብርዱ እንዳይቀጣት ብዬ ነው። ቁመቷ ይኼን ያህላል፣ አይደል?» ብሎ ካፖርቱን በደረቱ ላይ ለጠፈው። አጸደን አይቻት የማላውቀውን እኔን ነው የሚጠይቀው።

ኑረዲን ከሶፋው ተነሥቶ ወጣ። በቀጥታ የወረደው ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ዘንድ ነው። «በዚህ እሁድ ካልነገራችሁት እኔ ብቻዬን እነግረዋለሁ» ብሏቸው ተመለሰ።

እሁድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ስምንት ሰው ነበር፤ ሁሉም ከሥራ ቀርቶ። ከየካቲት ጀምሮ ያልተገኘው እሁድ በሁለት ቀን ተገኘ። ገረመው በካናቴራ ከፈተላቸው። ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መልበሳቸውን አየ። ከዚያ በኋላ የሚነገር የለም፤ የኛ ሰው ይህን ሲያይ ያውቃል።

«እሷ ናት?» አለ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ…» ሲሉ ሰዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዙት። ቀዩ ካፖርት በሩ ጀርባ ተሰቅሎ ነበር፤ ማንም ማንሣት አልደፈረም።

ሲያለቅስ አረፈደ። ረፋዱ ላይ ቀና ብሎ፣ «መቼ ነው?» አለ።

ሁላችንም ወደ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ዞርን።

«በየካቲት» አሉ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ።

«በየካቲት? አሁን እኮ ነሐሴ ነው።» ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «አርባዋስ? ሰማንያዋስ? ማን አወጣላት?»

ማንም። እኛ ስንደብቀው ሁለቱም አልፈዋል። የቀራት መንፈቋ ብቻ ነው።

«በምንድነው የሞተችው?»

የመለሰለት ኑረዲን ነው። «በእጢው ነው ገረመው። ሳይወጣላት።»

ገረመው ተነሥቶ ክፍሉ ገባ። ሰዎቹ ራሱን እንዳይጎዳ ሰግተው ተከተሉት። እሱ ግን ሰማያዊ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ገጹን ገልጦ ገልጦ ጥቅምት ላይ አቆመ። በጣቱ መስመሩን እየተከተለ፣ እንደ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«አራት ከሩብ። በሁለት መቶ ሲባዛ ስምንት መቶ ሃምሳ።» ቀና አለ። «ክሊኒኩ ስንት ነበር ያለው ዘርይሁን?»

አውቆ ነው የጠየቀኝ። ስምንት ሰው እየሰማ ነው።

«ስምንት መቶ» አልኩ።

«ሃምሳ ይተርፍ ነበር» አለ፣ ደብተሩንም ዘጋው።

የብስኩት ቆርቆሮውን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩ። ስድስት ፖስታ፣ እንደታሸጉ። ቆጠራቸው። አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። የአጸደን መንፈቅ ካወጣ በኋላ በመስከረም ዕቃውን ሸክፎ ሬክስዴል ፋብሪካው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየ። አሁንም እዚያው በር ላይ ነው። ኑረዲን መንገደኛ አድርሶ ሲመለስ ጎራ እያለ ይጠይቀዋል። ታርጋ ይመዘግባል እንጂ አይደምርም ይለኛል። ገረመው ስለ እኔ አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም።

በጥቅምት፣ ልክ በዓመቱ፣ ኑረዲን አንድ ፖስታ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። ገረመው አክሲዮኑን ሁሉ ሸጦ ኖሯል። ውስጡ ገንዘብና ከሰማያዊው ደብተር የተቀደደ አንድ ቅጠል ነበር፤ በዚያ በሚያምር የአስተማሪ ጽሑፉ ስሌቱን አስፍሮበታል። ሠላሳ አክሲዮን፣ አንዱ በአሥራ ሦስት ዶላር፣ ሦስት መቶ ዘጠና። የብሮከር አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሦስት መቶ ሰባ ስምንት። ሌላ ቃል የለበትም። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ አልተሳሳተም። ያስገባሁት ሦስት መቶ ሠላሳ ነበር። አርባ ስምንት ዶላር አትርፌያለሁ።